ማን ነው አጥብቆ የሚመታው? የዲ ኤንድ ዲ ክላሶች ጉዳት በጥያቄና መልስ

ስለ ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ (ዲ ኤንድ ዲ)፣ ማለትም ዳይስ እየተወረወረ ጠረጴዛ ዙሪያ ስለሚካሄደው የምናብ ጀብዱ ጨዋታ፣ ወሬ በተነሳ ቁጥር አንድ ጥያቄ አይቀርም፤ የትኛው ክላስ (የገጸ ባሕሪ ሙያ) ነው ብዙ ጉዳት የሚያደርሰው? የላካችኋቸውን ጥያቄዎች ሰብስቤ እነሆ መልሴ።

መጀመሪያ መነሻችን ላይ እንስማማ። ለይቼ ካልጠቀስኩ በቀር የማወራው እ.ኤ.አ. በ2014 ስለወጣው አምስተኛው እትም ነው። ተጫዋቹ ሌቭል (የዕድገት ደረጃ) 5 ነው። ዋና ችሎታው 18 ነው፤ ስለዚህ ሲያጠቃ ዳይሱ ላይ 7 ይደምራል። የጠላቱ አርመር ክላስ (እሱን ለመምታት መድረስ ያለበት ቁጥር) 15 ነው። ዲ20 (ባለ ሃያ ገጽ ዳይስ) ወርውሮ 8 ወይም ከዚያ በላይ ካመጣ መታ ማለት ነው። ዕድሉ ከመቶ 65 ነው።

በአጭሩ ንገረን። ማን ይበልጣል?

በቀን ስንት ጊዜ ትዋጋላችሁ? እሱን ሳልሰማ መልስ የለኝም። በቀን አንድ ውጊያ ብቻ ካላችሁ ፓላዲን (ቅዱስ ተዋጊ) እና ዊዛርድ (አስማተኛ) ሁሉንም ያስከነዳሉ። ስድስት ከሆነ ግን መጨረሻው ላይ ጉልበት ተርፎት የሚገኘው ፋይተር (ጦረኛ) እና ሮግ (ሾልኮ የሚወጋ) ነው። ጠረጴዛ ላይ የሚሰማው ጭቅጭቅ አብዛኛው ይህን ሳይጠይቁ የሚጀመር ነው።

ሒሳብ አልወድም። ግን አማካዩ እንዴት እንደሚሰላ አንዴ አሳየኝ።

ቀላል ነው። የዳይሱን አማካይ ያዝ። ዲ6 ከሆነ 3.5፣ ዲ8 4.5፣ ዲ10 5.5። የፋይተሩ ግሬትሶርድ (ትልቅ ሰይፍ) 2ዲ6 ነው፣ ሁለት ዲ6 ማለት፤ 7 ማለት ነው። የጉልበቱ 4 ሲደመር 11። ይሄ ሲመታ ነው። የሚመታው ደግሞ 65 በመቶውን ብቻ ስለሆነ 11ን በ0.65 አባዛ፤ 7.15 ይመጣል። ከዚያ ክሪት (ዲ20 ላይ 20 ሲወጣ የሚገኝ ልዩ ምት) አለ። 20 ከሃያ አንዴ ይወጣል፤ ያኔ እጥፍ የሚሆነው ዳይሱ ብቻ ነው፣ የጉልበቱ 4 አይነካም። 7 በ0.05 ሲባዛ 0.35። ድምሩ 7.5።

ፋይተር ሌቭል 5 ላይ በአንድ ተራ ሁለቴ ያጠቃል። ስለዚህ በየዙሩ (ሁሉም አንድ አንድ ተራ ሲያዳርስ) 15። ይህችን 15 አስታውሷት፤ ሌላውን ሁሉ የምለካው በእሷ ነው።

ታናሽ ወንድሜ ሮግ ነው የሚጫወተው። አራት ዳይስ ጨብጦ ሲወረውር እኔ ፋይተሩ አፍራለሁ። እውነት ይበልጠኛል?

እንደ አያያዙ ነው። ከሩቅ በቀስት ብቻ የሚወጋ ከሆነ አይበልጥህም። ሲመታ 1ዲ6፣ የቅልጥፍናው 4፣ ከዚያ የስኒክ አታክ (ሮግ ሁኔታው ሲመቸው የሚጨምረው ጉዳት) 3ዲ6 ተደምሮ 18 ነው፤ ያስፈራል። ግን አንዴ ብቻ ነው የሚወረውረው። ሳተ ማለት ባዶ እጅ ነው። አማካዩ ወደ 12.4 ይወርዳል።

ሁለት አጭር ሰይፍ ከያዘ ግን ነገሩ ይለወጣል። የመጀመሪያው ቢስት ሁለተኛው አለለት፤ ስኒክ አታክ የማግኘት ዕድሉ ከ65 ወደ 88 በመቶ ገደማ ይወጣል። አማካዩም 17.4 ይሆናል። ያኔ በልጦሃል። ዋጋው ምንድነው? ጠላት አጠገብ መቆም አለበት፤ ሁለተኛው ምት ደግሞ ቦነስ አክሽኑን (በተራው ያለችውን ተጨማሪ ድርጊት) ስለሚበላበት መትቶ ዘወር ማለት የለም።

አንተ ግን አክሽን ሰርጅ አለህ። በአንድ ተራ አራት ጊዜ ትመታለህ፤ አማካዩ 30 ነው። አጭር እረፍት ስታደርግ ይመለስልሃል። ደግሞ ጠላቱ ማን እንደሆነ ተመልከት። ጎብሊን 7 የሕይወት ነጥብ ብቻ ነው ያለው። ወንድምህ በ18 ቢመታው 11ዱ ሜዳ ላይ ፈሰሰ። አንተ በሁለት ምት ሁለት ጎብሊን ትጥላለህ።

አንድ ነገር ልንገርህ፣ ለእሱ መንገሩ የአንተ ፈንታ ነው። ስኒክ አታክ በአንድ ተራ አንዴ ነው እንጂ በአንድ ዙር አንዴ አይደለም። ጠላት ከአጠገቡ ሲሸሽ በሪአክሽን (በሌላው ተራ በሚሰጥ ምላሽ) ከመታው፣ ሁኔታው ከተሟላ፣ እንደገና ይሠራለታል።

ፋየርቦል እያለ ሌሎቻችን ምን እንሠራለን?

ይሄ ቁጭት ይገባኛል። ፋየርቦል (የዊዛርድ የእሳት ድግምት) 8ዲ6 ነው፤ አማካዩ 28። የሚሸፍነው ዙሪያውን 20 ጫማ ነው። ሴቪንግ ስሮው (ለማምለጥ የሚወረወረውን ዳይስ) ያለፈ ጠላት እንኳ ግማሹን ይቀበላል። የዊዛርዱ ዲሲ (ለማምለጥ መድረስ ያለባቸው ቁጥር) 15 ቢሆንና ጠላቶቹ በቅልጥፍና 1 ቢደምሩ፣ በእያንዳንዱ ላይ በአማካይ 23 ያርፋል። አራት ቆመው ከተገኙ 92። ፋይተሩ ይህን ለማድረስ ስድስት ዙር መቀጥቀጥ አለበት።

ግን ሌቭል 5 ዊዛርድ የሦስተኛ ደረጃ ስፔል ስሎት (ድግምት የሚወጣበት ኮታ) ያለው ሁለት ብቻ ነው። እነሱ ካለቁ ፋየርቦልት (ስሎት የማይጠይቅ ትንሽ የእሳት ድግምት) ይቀረዋል፤ በየዙሩ 7.7። የፋይተሩ ግማሽ ማለት ነው። ደግሞ ጠላቱ አንድ ከሆነ ያ ሁሉ እሳት 23 ብቻ ነው። ጓደኞቻችሁ መሀል ገብተው ከተደባለቁማ እነሱም ይቃጠላሉ፤ ይህን የሚረሳ ዊዛርድ በየቡድኑ አለ።

ግሬት ዌፐን ማስተር ሁልጊዜ ያዋጣል? የምጫወተው ቫሪያንት ሂውማን ፋይተር ነው።

ሁልጊዜ አያዋጣም። ለማያውቁት፦ ይህ ፊት (ተጨማሪ ልዩ ችሎታ) ስታጠቃ 5 እንድትቀንስና ከመታህ ጉዳቱ ላይ 10 እንድትጨምር ይፈቅዳል። አርመር ክላስ 15 ላይ ዕድልህ ከ65 ወደ 40 በመቶ ይወርዳል፤ ግን ስትመታ 21 ነው። በየዙሩ ከ15 ወደ 17.5 ትወጣለህ። ጥሩ ነው፤ የሚያስጨበጭብ ግን አይደለም። አርመር ክላሱ 18 ሲሆን ተቃራኒው ነው፦ ያለ ቅነሳው 11.7፣ በቅነሳው 11.2። ትከስራለህ።

አድቫንቴጅ ሲኖርህ ነው ጨዋታው። ሁለት ዲ20 ወርውረህ የተሻለውን ስትወስድ 40 በመቶው 64 ይሆናል፤ በየዙሩ 28 ገደማ። ባርባሪያን በሬክለስ አታክ ይህን በፈለገ ጊዜ ያገኛል፤ ሬጅ (ቁጣ) ላይ ከሆነ በእያንዳንዱ ምት 2 ይጨምራል። ጠላትም በእሱ ላይ አድቫንቴጅ እንደሚያገኝ ግን አትርሳ። ሂለሩን ጠይቀው፣ እሱ ያውቃል።

ዊዛርድ ነኝ። ትሮል ገጠመን፤ ፋየርቦሎቼን ጨርሼ ስለነበር ፋየርቦልት ብቻ ነው የወረወርኩት። ቡድኑ "ምንም አልሠራህም" ብሎ ሳቀብኝ። ልክ ናቸው?

አይደሉም። ይሄ ጥያቄ ደስ ስላለኝ ትንሽ ልቆይበት።

ትሮል አርመር ክላሱ 15፣ የሕይወት ነጥቡ 84 ነው። ተራው በመጣ ቁጥር 10 ነጥብ ያገግማል። ፋይተራችሁ በየዙሩ 15 ያወርዳል፤ ትሮሉ 10ሩን መልሶ ይተክላል። ፋይተሩ ለብቻው ቢሆን የቀረው 5 ብቻ ነው። በዚያ አካሄድ 84ን መጨረስ የማይታሰብ ነው፤ ትሮሉም በዚያ ጊዜ ሁሉ እጁን አጣጥፎ አይቆምም።

አንተ ስትመጣስ? ትሮል እሳት ወይም አሲድ ከነካው በቀጣዩ ተራው አያገግምም። የፋየርቦልትህ አማካይ 7.7 ነው። ከመቶ 65 ጊዜ ስለምትመታ ከ10ሩ ማገገሚያ በአማካይ 6.5 ታስቀራለህ። ሲደመር 14.2። ከፋይተሩ 15 ጋር ትከሻ ለትከሻ ነህ ማለት ነው፤ ያውም አንድም ስሎት ሳታወጣ። ሌላም አለ። ትሮል ዜሮ ላይ ወድቆም ካገገመ ይነሳል። ተራውን ዜሮ ላይ ሆኖ ጀምሮ ማገገም ሲያቅተው ነው የሚሞተው። እሳቱን ማን ያዘ? አንተ።

የሳቁብህ ሰዎች የተደመረውን ጉዳት ቆጠሩ እንጂ ትሮሉ ያላገገመውን አልቆጠሩም።

ፓላዲን ነኝ። በአንድ ተራ 48 አድርሼ ዲኤሙ (ጨዋታውን የሚመራው) አበደ። እኔ ነኝ አንደኛ?

በዚያች ተራ፣ አዎ። ሎንግሶርድህ ከዱኤሊንግ (የአንድ እጅ መሣሪያ ስልት) ጋር ሲመታ 10.5 ነው። በሁለቱም ምቶች የሁለተኛ ደረጃ ስሎት አቃጥለህ ስማይት (ምትን የሚያጠናክር ቅዱስ ኃይል) ስታደርግ በእያንዳንዱ 3ዲ8 ይጨመራል፤ ሁለቱም ሲያርፉ በአማካይ 48። ግን የሁለተኛ ደረጃ ስሎትህ እነዚያ ሁለቱ ነበሩ። የቀሩህ አራት የመጀመሪያ ደረጃ ናቸው። እነሱ ካለቁ በየዙሩ 14 ገደማ የሚመታ ሰው ነህ። ፓላዲን ደሞዝ በወጣ ማግስት ከተማውን እንደሚጋብዝ ሰው ነው፤ የወሩን መጨረሻ ደግሞ አብረነው አይተናል።

ምክሬ፦ ስማይት የሚወሰነው መምታትህ ከታወቀ በኋላ ነው። ስለዚህ ክሪት ጠብቅ። የስማይቱም ዳይስ እጥፍ ስለሚሆን 3ዲ8 የነበረው 6ዲ8፣ ማለትም 27 ይሆናል።

ዋርሎክ ኤልድሪች ብላስት ከመተኮስ ሌላ ሥራ አለው?

አለው፤ ግን መተኮሱም አያሳፍርም። አጎናይዚንግ ብላስትና ሄክስ (የጨረሩን ጉዳት የሚያሳድጉ ናቸው) ከተያዙ በየዙሩ 17.8 ነው። ከሩቅ ሆኖ። ሌቭል 11 ላይ ሦስት ጨረር ይሆንለታል።

እኔ ክለሪክ ነኝ። ጉዳቴ ዜሮ ነው ማለት ይቻላል። ቡድኑን እየጎተትኩ ነው?

እህቴ፣ ብለስ ካደረግሽ አይደለም። ብለስ ሦስት ሰው ሲያጠቃ ዲ4 ያስጨምራል፤ በአማካይ 2.5። ዲ20 ላይ ይሄ 12.5 በመቶ ተጨማሪ የመምታት ዕድል ነው። ለተራው ፋይተር በየዙሩ ወደ 2.75 ጉዳት ነው። ግሬት ዌፐን ማስተር ለሚጠቀመው ከ5 በላይ። የሦስቱን ደምሪው። ቁጥሩ የሚጻፈው በእነሱ ስም ነው፣ የሠራሽው ግን አንቺ ነሽ። በሚቀጥለው ጊዜ "ያቺ ዲ4 ባትኖር ስተህ ነበር" በያቸው። ኮንሰንትሬሽንሽን (ድግምቱን የሚያቆየውን ትኩረት) ብቻ ጠብቂ።

ሞንክ ደካማ ነው ይላሉ።

ሌቭል 5 ላይ አይደለም። በኳርተርስታፍ ሁለት፣ በቦነስ አክሽን አንድ ቡጢ፤ ያለ ምንም ወጪ 16.6። ኪ (የሞንክ ውስጣዊ ኃይል) አውጥቶ ፍለሪ (በአንዱ ፈንታ ሁለት ቡጢ) ካደረገ 21.6። ችግሩ ሌላ ነው። ኪው አምስት ብቻ ነው፤ ጠላትን የሚያደነዝዘው ስታኒንግ ስትራይክም ከዚያው ኪስ ይጠይቃል። ከሌቭል 11 በኋላ ፋይተር ሦስተኛ ምት ሲያገኝ ሞንክ በኪ ነው የሚከታተለው።

የ2024ቱ ሕግ ምን ለወጠ?

ለዚህ ርዕስ ብዙ። ስማይት ቦነስ አክሽን የሚፈልግ ስፔል ሆነ፤ በአንድ ተራ ሁለቴ ማቃጠል ቀረ። ከላይ ያለው 48 ታሪክ ሆነ ማለት ነው። ግሬት ዌፐን ማስተር 5 መቀነሱም 10 መጨመሩም ቀረና ፕሮፊሸንሲ ቦነስን ብቻ ይደምራል፤ ሌቭል 5 ላይ በየዙሩ 4 ገደማ ነው። ግሬትሶርድ ግሬዝ የሚባል ማስተሪ አገኘ፤ ስትስት እንኳ የጉልበትህን 4 ያደርሳል። ያች 15 በግሬዝ ብቻ 17.8 ትሆናለች። የሞንክ ቡጢም በአንድ ዳይስ አደገ። በእኔ ግምት ልዩነቱ ጠቧል፤ ለጀማሪ ደግሞ የተሻለ ነው።

ባልደርስ ጌት 3 (ቪዲዮ ጌሙ) ላይ ሄስት (የማፍጠኛ ድግምት) አድርጌ ሁሉንም አጠፋለሁ። ጠረጴዛ ላይ ለምን አልሆነም?

ሕጉ ስለሚለያይ። ቪዲዮ ጌሙ በመደበኛው አጨዋወት ሙሉ አክሽን ይሰጣል። ጠረጴዛ ላይ ሄስት ለማጥቃት የሚሰጠው አንድ የመሣሪያ ምት ብቻ ነው።

መጽሐፉ ውድ ነው። በነፃ የሚገኝ አለ?

አለ። ሲስተም ሪፈረንስ ዶክመንት የሚባለው መሠረታዊ ሕግ እ.ኤ.አ. ከ2023 መጀመሪያ ጀምሮ በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ተለቋል። ምንጩን ከጠቀሳችሁ መተርጎምም ማሰራጨትም ይቻላል። በአማርኛ ለመሥራት የሚነሳ ካለ ፈቃድ መለመን አያስፈልገውም። ክላሶቹ ሁሉ አሉበት፤ ከእያንዳንዱ ግን አንድ ሰብክላስ (የክላሱ ንዑስ ዘርፍ) ብቻ ነው። ከፊቶችም አንድ ብቻ ነው ያለው፤ ግሬት ዌፐን ማስተርን እዚያ አትፈልጉት።

ዲኤማችን ከእያንዳንዱ ውጊያ በኋላ ያስተኛናል። ፋይተር ሆኜ ዊዛርዱ ሁሌ ይበልጠኛል። ክላስ ልቀይር?

አትቀይር፤ ዲኤሙን አናግረው። የ2014ቱ የዲኤም መመሪያ የሚያስበው በቀን ከስድስት እስከ ስምንት መካከለኛ ወይም ከባድ ውጊያ ነው፤ በመሀል ሁለት ያህል አጭር እረፍት። ያን ሁሉ ማድረግ ይከብዳል፤ ሦስት እንኳ ቢሆን ልዩነቱን ታየዋለህ። አክሽን ሰርጅህ በየአጭር እረፍቱ ሲመለስ ዊዛርዱ ሁለተኛውን ፋየርቦል የት ልጣል እያለ ማሰብ ይጀምራል። ዲኤሙ "ሕጉ የት ይላል?" ካለህ ደግሞ የእረፍቱን ክፍል አሳየው። በ24 ሰዓት ውስጥ ከአንድ ረጅም እረፍት በላይ መጠቀም አይቻልም።