ብረት ጥይት ለ16፣ ለ20 እና ለ28 ጌጅ፦ ጠይቁኝ

የዳክዬ አደን ወቅት እየቀረበ ስለሆነ፣ በእርሳስ ፋንታ የብረት ፍሬ ስለሚረጨው የአደን ጠመንጃ ጥይት ጥያቄው በዝቶብኛል። ዛሬ ማታ ቁጭ ብዬ እመልሳለሁ። ያለሁት ሜሪላንድ ነው፣ ቼሳፒክ ዳር። ለብዙ ዓመት ያደንኩት በ16 ጌጅ ነው። ስለ 12 ጌጅ የሚነግራችሁ ሞልቷል፤ እኔን ስለ ትንንሾቹ ጠይቁኝ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ የፈረንጅ ናቸው።

ሁለት ነገር አስቀድሜ ልበል። አንደኛ፣ በርሜላችሁ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ሁለተኛ፣ የ20 ጌጅ ጥይትና የ12 ጌጅ ጥይት አንድ ኪስ ውስጥ አይግቡ። ዛሬ ይህን ደጋግሜ ስል ትሰማላችሁ።

ጀማሪ ነኝ (ሚኒያፖሊስ)፦ ጋሼ፣ ጌጅ ምንድን ነው? እርሳስስ ለምን ተከለከለ?

መልስ፦ ለበርሜሉ ቀዳዳ ልክ የሆኑ 16 የእርሳስ ኳሶች አንድ ላይ አንድ ፓውንድ ከመዘኑ፣ ያ በርሜል 16 ጌጅ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ሲያድግ ቀዳዳው ይጠባል። 12 ጌጅ 18.5 ሚሊ ሜትር ነው፣ 16 ጌጅ 16.8፣ 20 ጌጅ 15.6፣ 28 ጌጅ ደግሞ 14።

እርሳሱን በተመለከተ፣ ዳክዬ ጥርስ የላትም። እህሉን የምትፈጭበት ጡንቻማ ሆድ አላት፤ ለመፍጫ የሚሆን ጠጠር ከውሃው ሥር እየለቀመች ትውጣለች። ለዓመታት የተተኮሰው የእርሳስ ፍሬ ደግሞ ጭቃው ውስጥ ተኝቷል። ጠጠር መስሏት ትውጠዋለች። እዚያው ተፈጭቶ ደሟ ውስጥ ይገባል። አንድ ሁለት ፍሬ ሊገድላት ይችላል። እሷን የበላ ንስርም አብሮ ይመረዛል። አሜሪካ ክልከላውን ከ1987 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ አስገብታ በ1991 ለውሃ ወፍ አደን በመላ አገሪቱ አጸናችው። በኋላ የተሠራ ጥናት በ1997 ብቻ 1.4 ሚሊዮን ያህል ዳክዬ ከመመረዝ እንደተረፈ ገምቷል። ሕጉን የምወደው ለዚህ ነው። እርሳስ መተኮስ ብቻ አይደለም የተከለከለው፤ ዳክዬ እያደኑ ኪስ ውስጥ መያዝም አይቻልም።

ባለ 16 (ቨርጂኒያ)፦ አማቴ የ16 ጌጅ ብራውኒንግ ኦቶ-5 አወረሱኝ። ቤልጅየም የተሠራ ነው፣ ቾኩም ፉል፣ ጠባቡ። ብረት ልተኩስበት?

መልስ፦ አትተኩስበት። እንዲህ ያለ ጥያቄ ስጠብቅ ነበር።

እርሳስ ለስላሳ ነው። በርሜሉ ጫፍ ላይ ባለው ጥበት፣ ቾክ በምንለው፣ ሲያልፍ ይጨመቃል፣ ይተጣጠፋል። ብረት አይጨመቅም። ፍሬዎቹ እርስ በርስ ተደጋግፈው ግድግዳውን ወደ ውጭ ይገፋሉ። ኩባንያው ራሱ የቤልጅየም ኦቶ-5 በርሜሎች ላይ ብረት እንዳይተኮስ ይመክራል። ጃፓን የተሠሩት፣ ቾካቸው የሚፈታው ኢንቬክተሮች ግን ይችላሉ።

የደረሰብኝን ልንገርህ። ድሮ አንድ አሮጌ ባለ ሁለት አፍ 16 ነበረኝ። ሁለቱም አፍ ጥብቅ ነበር። አንድ ወቅት ሙሉ ብረት ተኮስኩበት። ምንም አልታየኝም። አንድ ማታ በዘይት ጨርቅ ስወለውለው ጣቴ ቆመ። ከአፈሙዙ ሁለት ጣት ያህል ወደ ኋላ ቀለበት የመሰለ እብጠት አለ። በዓይን አይታይም፣ በጣት ግን ይታወቃል። ወደ መስኮት ይዤ በውስጡ ሳይ ብርሃኑ እዚያ ቦታ ላይ ጥላ ሠርቷል። በርሜሉ አልፈነዳም። ግን ያ ጠመንጃ አበቃለት፣ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሌላም አለ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠሩ ብዙ 16 ጌጆች ጥይት የሚተኛበት ክፍላቸው 2 9/16 ኢንች ነው። የዛሬው ጥይት 2 3/4 ነው። ያልተተኮሰ ጥይት ሰተት ብሎ ይገባልሃል፣ አንተም «ልክ ነው» ትላለህ። ነገር ግን የጥይት ርዝመት የሚለካው ከተተኮሰ በኋላ፣ የታጠፈው አፉ ሲከፈት ነው። ያ አፍ የሚከፈትበት ቦታ ካጣ ግፊቱ ከመጠን ያልፋል። ጠመንጃ ጠጋኝ ጋ ወስደህ አስለካው።

አስለክተህ 2 3/4 ከሆነ፣ በርሜሉም ጤነኛ ነው ከተባልክ፣ ለእሱ የሚሆነው ቢስመዝ ከሚባል ማዕድን የተሠራ ፍሬ ነው። ከብረት ይከብዳል፣ ከእርሳስ ትንሽ ይቀላል፣ በርሜል አይጎዳም። ዋጋው የብረትን እጥፍና ከዚያም በላይ ነው። ቢሆንም ዳክዬ በወቅት ስንት ጥይት ትተኩሳለህ? የአማትህ ጠመንጃ ይበልጣል።

ጎራዴ፦ ጋሼ የትኛው ጥይት ይሻላል?

መልስ፦ ለየትኛው ጠመንጃ? ለየትኛው ወፍ? በስንት ያርድ? እንደዚህ ተጠይቆ መልስ የለኝም።

እህታችሁ (ዴንቨር)፦ 28 ጌጅ ገዛሁ፣ አዲስ ነው፣ በርሜሉ ላይ ብረት ይቻላል ይላል። ክብደቱን ወድጄዋለሁ። ለዳክዬ ይበቃል?

መልስ፦ እህቴ፣ እንዲህ አንብቦ የሚመጣ ሰው ደስ ይለኛል። ይበቃል፤ ግን በቅርበት።

ሒሳቡን እዪው። እርሳስ በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 11.3 ግራም ይመዝናል፣ ብረት 7.8 ገደማ። ብረቱ ቀሊል ስለሆነ ኃይሉን ቶሎ ይጨርሳል። ያንን ለማካካስ በፍሬ መጠን ሁለት ደረጃ ወደ ላይ እንወጣለን፣ ቁጥሩ ሲያንስ ፍሬው ይተልቃልና፦ በእርሳስ 6 ቁጥር ትተኩሺ ከነበረ በብረት 4 ቁጥር ነው። ትልቅ ፍሬ ደግሞ ቦታ ይፈጃል። በላዩ ላይ ብረቱ በርሜሉን እንዳይነካ የሚያቅፈው የፕላስቲክ ኩባያ ወፍራም ነው። ትልቅ ቀለህ ይህን ይችላል። ትንሽ ቀለህ ሲሆን ፍሬው ያልቃል።

በራሴ 16 ላሳይሽ። በእርሳሱ ዘመን 1 1/8 አውንስ የ6 ቁጥር ፍሬ ስተኩስ 250 ገደማ ፍሬ ይወጣ ነበር። ዛሬ 15/16 አውንስ የብረት 4 ቁጥር 180 ነው። የአንቺ 28 ላይ 5/8 አውንስ 4 ቁጥር ብትጭኚ 120 ብቻ ነው። 6 ቁጥር ብታደርጊ ወደ 200 ይጠጋል፣ ግን እያንዳንዱ ፍሬ ደካማ ነው። አሁን ባለ 3 ኢንች 28 ጌጅ አለ፣ ይሻላል። ያንቺ 2 3/4 ከሆነ ግን 3 ኢንች እንዳትከቺ። በርሜሉን አንብቢ።

እኔ ብሆን ቾኩን ከፉል ሰፋ የሚሉትን፣ ኢምፕሩቭድ ሲሊንደር ወይም ሞዲፋይድ፣ አደርጋለሁ፣ ብረት ከእርሳስ ይበልጥ ተሰብስቦ ስለሚሄድ። ዳክዬዋ ክንፏን ዘርግታ ለማረፍ ስትወርድ፣ በ25 ያርድ ውስጥ፣ ያኔ ተኩሺ። የምታልፈዋን ተያት።

ቦሌ ልጅ፦ ይቅርታ ከርዕስ ልውጣና፣ ዳክዬ ይበላል እንዴ? ቆቅና ጅግራ አውቃለሁ። የውሃ ወፍ ግን እኛ ቤት አይገባም።

ባለ 16፦ ዳክዬው ቢቀር እንኳ፣ በስመ አብ ተብሎ ሳይታረድ በጥይት የሞተው በክት አይደለም ወይ?

ሐረር፦ እኛ ቃታ ከመሳባችን በፊት ቢስሚላህ እንላለን፣ በሕይወት ከደረስንበት እናርዳለን። ያለቀ ጉዳይ ነው።

ቦሌ ልጅ፦ ላንተ ያለቀ ነው፣ ለኛ አላለቀም እኮ!

መልስ፦ ይህን የንስሐ አባታችሁንና ሼኻችሁን ጠይቁ፣ እኔ አልገባበትም። ከጥይቱ ጋር የሚገናኘውን ብቻ ልናገር። ለምትበሉ ሰዎች፣ ብረት ፍሬ ጥርስ ይሰብራል። ላባው ከተነጨ በኋላ ፍርምባውን በጠንካራ ማግኔት ዳብሱት። ቁስሉ ውስጥ ላባ ተጎትቶ የገባበት ቦታ ካለ በቢላ ጫፍ ክፈቱት፤ ፍሬው ብዙ ጊዜ እዚያው ጫፍ ላይ ነው።

ዳላስ፦ ጋሼ፣ የአጎቴ አሮጌ ሁለት አፍ አለ፣ ብረት ይችላል?

መልስ፦ ከላይ በሰፊው መልሻለሁ። አንብብ። በርሜሉ ላይ እንደ እንጨት ጅማት የሚጠማዘዝ መስመር ካየህ ደማስቆ የሚባለው ነው፤ እሱ ላይ ብረትም ሌላም የዘመኑ ጥይት እንዳትጭን።

ኮፐንሃገን፦ እዚህ ዴንማርክ የእርሳስ ፍሬ ከ1996 ጀምሮ ለማንኛውም አደን የተከለከለ ነው። ማንም ችግር የለበትም። አሜሪካኖች ታማርራላችሁ።

ጎራዴ፦ ብረት ያቆስላል እንጂ አይገድልም። እርሳስ ቢመለስ ነው የሚሻለው።

ኮፐንሃገን፦ አቁስሎ የሚለቀው የማይደርስበትን የሚተኩስ ሰው ነው!

መልስ፦ የኮፐንሃገኑ እውነቱን ነው። በ50 ያርድ የተኮሰ ሰው በእርሳስም ያቆስላል። በ20 እና በ16 ጌጅ ብረት የኔ ወሰን 30 ያርድ ነው፣ ወደ 27 ሜትር። ለማታለያ ከማስቀምጣቸው የውሸት ዳክዬዎች ጎን፣ ከተደበቅኩበት በዚያ ርቀት ላይ አንድ እንጨት እተክላለሁ። ከእንጨቱ ወዲያ ያለው የኔ አይደለም። ቆስላ ሸምበቆ ውስጥ የገባችን ዳክዬ አንድ ጥዋት ሙሉ ፈልጋችሁ ካጣችሁ ይገባችኋል።

አውሮፓ ያላችሁ፣ ከየካቲት 15 ቀን 2023 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ረግረግ ላይና ከረግረግ 100 ሜትር ውስጥ የእርሳስ ፍሬ አይተኮስም። ሳጥኑ ላይ ከፍተኛ አቅም ያለው ብረት ጥይት ነው ካለ፣ በርሜላችሁ ላይ የአበባ ቅርጽ ያለው ማኅተም፣ ፍለር ደ ሊ የሚሉት፣ መኖሩን እዩ። ከሌለ ተራውን ብረት ብቻ፣ ያም በርሜሉ የሚችል ከሆነ።

አባት፦ ለ12 ዓመት ልጄ ፎር-ቴን፣ ከ28 ጌጅም የሚጠበው፣ በብረት?

መልስ፦ አይሆንም። 3/8 አውንስ 6 ቁጥር 118 ፍሬ ነው። ያ የጥሩ ተኳሽ ጠመንጃ ነው፣ የልጅ አይደለም። 20 ጌጅ ስጠው።

ናፍቆት፦ ለዘመድ ጥይት ይዤ አገር ቤት መሄድ እችላለሁ?

መልስ፦ ይህን እዚህ አልመልስም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ (ይህ ዓመት ብቻ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው)፣ እሱን አንብብ።

አገር ቤት ካነሳህ ግን አንድ ነገር ልበል። ዝዋይና አብያታ ሐይቆች ላይ የአውሮፓን ክረምት የሚያሳልፉት ሹል ጅራታሞቹና ማንኪያ አፎቹ ዳክዬዎች ከአውሮፓና ከሩሲያ የሚመጡ ናቸው። አውሮፓ ረግረግ ውስጥ የሚቀረው እርሳስ የዝዋይም ጉዳይ ነው። ዝዋይ ዳር ያደገ ሰው ይህን ሊሰማ ይገባዋል።

ሰርተህ ብላ፦ የ16 ብረት ስለጠፋ ራሴ ልሙላ ብዬ ነው። የእርሳሱን የባሩድ ልክ ልጠቀም?

መልስ፦ በጭራሽ! የብረት ባሩድ ልክ ሌላ፣ ኩባያው ሌላ። ለዚያው ለብረት የታተመ ሠንጠረዥ ከሌለህ አትንካው። ደግሞ የረጠበ አሮጌ ብረት ጥይት አትተኩስ። ፍሬው ዝጎ አንድ ላይ ይጣበቃል፣ እንደ አንድ ድፍን ጥይት ይወጣል። ቀለህን ጆሮህ ጋ ነቅነቅ አድርገው፤ የደህናው ፍሬ ይሰማሃል።

ዳላስ፦ 12ም 20ም አለኝ። ሁለቱንም ይዤ ብወጣስ?

መልስ፦ አንዱን ቤት ተው። የ20 ጥይት 12 ውስጥ ሲገባ አይወድቅም፣ ተንሸራቶ በርሜሉ ውስጥ ይቀረቀራል። ቃታ ስትስብ አይተኩስም። «ረሳሁ» ብለህ 12 ከኋላው ትጨምራለህ። ያኔ በርሜሉ ግራ እጅህ ላይ ይፈነዳል። የ20 ጥይት ቢጫ የሆነው ለዚህ ነው። በጨለማ ግን ቢጫውም አይታይም። ጃኬትህን አሁን አምጣና ኪሶቹን ሁሉ ገልብጣቸው።

ዳላስ፦ ገለበጥኩ። አንድ ቢጫ አለ።

መልስ፦ አውጣው።