በፖስታ የመጣ የምርጫ መዋጮ በማን ስም ይመዘገባል?

ጥያቄ፦ ለካሊፎርኒያ አሴምብሊ (ለስቴቱ የታችኛው ምክር ቤት) የሚወዳደር እጩ ገንዘብ ያዥ ነኝ። ትናንት ማታ ሬስቶራንት ውስጥ በተደረገ የድጋፍ እራት ላይ አንድ አባት ከጠረጴዛቸው ሰዎች የሰበሰቡትን 1,840 ዶላር በፖስታ ሰጡኝ። ባንክ አላስገባሁትም። በእሳቸው ስም ልመዝግበው?

መልስ፦ አይመዝግቡት። በካሊፎርኒያ ሕግ የሌላን ሰው ገንዘብ በራስ ስም ማዋጣት ክልክል ነው፤ ሰውዬው በቅንነት ቢያደርጉትም። ለዕቁብም ለለቅሶም አንድ ሰው ሰብስቦ ሲያስረክብ ለምደናል፤ እዚህ ግን የሚጻፈው ከኪሱ ያወጣው ሰው ስም ነው።

ባንክ ከመሄድዎ በፊት ፖስታውን ይዘው ወደ እሳቸው ይመለሱና ማን ስንት እንደሰጠ አንድ በአንድ ያስጽፉ። ከ25 ዶላር በታች ለሰጡት የዕለቱ ድምር ይበቃል። ከ25 ጀምሮ ቀን፣ ስምና አድራሻ፣ 100 ሲሞላ ደግሞ ሥራና አሠሪ ይጨመራል። ብዙ ገንዘብ ያዦች የሚሳሳቱት ድምሩ ላይ ነው፦ በመጋቢት 60፣ ዛሬ 50 የሰጠ ሰው በዓመቱ 110 ስለደረሰ ስሙ በፎርም 460 (ዘመቻው በሚያቀርበው የገቢና ወጪ ሪፖርት) ላይ ይወጣል። «ቢዝነስ» ብቻ ብሎ መጻፍም አይበቃም፤ የራሱ ሥራ ያለው ሰው የድርጅቱ ስም ይጻፋል። መረጃው በ60 ቀን ውስጥ ካልተሟላ ገንዘቡ ይመለሳል።

ዋናው ጣጣ ጥሬ ገንዘቡ ነው። ከአንድ ሰው 99 ዶላር በካሽ መቀበል ይቻላል፤ 100 አይቻልም። በእራታችን ላይ የሚወጣው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ያችው ባለ መቶዋ ኖት ናት! እንዲህ የሰጡትን ለይተው ለየባለቤቱ ይመልሱ፤ ከፈለጉ በራሳቸው ቼክ ወይም ካርድ ይስጡ። ባንክ ያልገባ ካሽ የሪፖርቱ ጊዜ ሳይዘጋ ከተመለሰ እንዳልተቀበሉት ይቆጠራል። ገብቶ ቢሆን ኖሮ ለመመለስ የሚኖርዎት ከተቀበሉበት ጀምሮ 72 ሰዓት ብቻ ነበር። ባልና ሚስት በጋራ ቼክ ከሰጡ ሰጪው የፈረመው ነው። ባለቤቱ ያልታወቀ 100 ዶላርና ከዚያ በላይ ከተገኘ ዘመቻው ሊያስቀረው አይችልም፤ በካሊፎርኒያ ሴክሬተሪ ኦፍ ስቴት (ምርጫን በሚመራው የስቴቱ ባለሥልጣን) በኩል ለስቴቱ ካዝና ይገባል።

ከስም ዝርዝሩ ጋር ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ እንዳላቸው ይጠይቁ። ቲፒኤስ (ጊዜያዊ የጥበቃ ፈቃድ) ወይም የተማሪ ቪዛ ያለው፣ የጥገኝነት ጉዳዩ ያላለቀለት፣ አዲስ አበባ ያለ የእጩው ወንድምም ቢሆን (ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ካልሆነ) አንድ ዶላር መስጠት አይችልም። የፌዴራል ሕግ ቢሆንም ለስቴት ምርጫም ይሠራል። ያለ ክፍያ በጉልበት ማገዝ ግን ይችላሉ።

ስለ ምግቡ አልጠየቁኝም፤ ሬስቶራንቱ በነፃ አቅርቦት ከሆነ እሱም መዋጮ ነው። በገበያ ዋጋው ተተምኖ በሰጪው ስም ይመዘገባል፤ ለ2025 እና 2026 ከአንድ ሰጪ ለአንድ ምርጫ ከተፈቀደው 5,900 ዶላር ላይም ይቀነሳል። ስለዚህ ሂሳቡን ዛሬውኑ በጽሑፍ ይቀበሏቸው።