ስለ መጦሪያ ቤት ፍተሻ ጠይቁኝ

ሰላም። ነርስ ነኝ፤ ብዙ ዘመኔን ያሳለፍኩት ቁስል በመጥረግ ነው። ስለ አንድ ሰው ከሆነ የምትጠይቁት፣ ዕድሜውን፣ ይራመድ እንደሆነና ራሱ ይበላ እንደሆነ ጻፉ። ያለዚያ አልመልስም።

የቤቱ ታላቅ፦ ሲስተር፣ አባታችንን አሜሪካ ውስጥ መጦሪያ ልናስገባ ነው። ቤቱ አምስት ኮከብ አለው። ይበቃል?

አይበቃም። ኮከቡ የአሜሪካ መንግሥት ለመጦሪያ ቤቶች የሚሰጠው ደረጃ ነው፤ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው። የሚወጣው ከጤና ፍተሻ፣ ከሠራተኛ ብዛትና ከጥራት መለኪያ ነው። የጥራት መለኪያው በአብዛኛው ቤቱ ራሱ በሚሞላው ቅጽ ላይ ይመሠረታል። ፍተሻው ግን የውጭ ሰው ሳይታሰብ መጥቶ በዓይኑ ያየው ነው። ድምሩን ተወውና የፍተሻውን ሪፖርት አንብብ። ሪፖርቱን ስትጠይቅ «ኃላፊዋ ዛሬ የለችም» ካሉህ መልስህን አግኝተሃል።

ተከታይ፦ ፍተሻው በየስንት ጊዜ ነው?

እዚያው አሜሪካ በሕጉ ከ15 ወር በላይ መቆየት የለበትም። ቀጣይ።

የእሙ ልጅ፦ እናቴ 82 ዓመቷ ነው፤ አትራመድም፣ እኛ ነን የምናጎርሳት። የጅራት አጥንቷ ላይ ጠቆር ቀላ ብሏል። ሠራተኞቹ «ቀላል ነው» ይላሉ።

ቀላል የሚባል ነገር እዚህ ቦታ ላይ የለም። በጣትሽ ጥቂት ሰከንድ ተጫኚና ልቀቂው። ነጣ ብሎ ከተመለሰ ደም እየዞረ ነው። ካልነጣ፣ ቆዳው ባይላጥም የአልጋ ቁስል ጀምሯል። ጠይም ቆዳ ላይ ግን መንጣቱ በደንብ ላይታይ ይችላል። እኔ የተማርኩበት ሥዕል ሁሉ የነጭ ቆዳ ነበር፤ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ስለዚህ ዳስሺው፦ ከዙሪያው ይሞቃል ወይስ ይቀዘቅዛል? ጠጥሯል? ያማታል?

አጥንትና ፍራሽ መሐል የተጨመቀ ሥጋ ደም ሲያጣ ይሞታል። ለዚህ ሰዓታት ይበቃሉ። ቁስሉ አራተኛው፣ የከፋው ደረጃ ላይ ሲደርስ አጥንት ሊታይ ይችላል። የተለመደው ማገላበጫ በየ2 ሰዓቱ ነው፤ እንደ ሰውየውና እንደ ፍራሹ ይለያያል። በጎን ስትተኛ ሙሉ በሙሉ ሳይሆን 30 ዲግሪ ያህል ታዘንብል። ትራስ ከባቷ ሥር ይግባ፣ ተረከዟ ፍራሽ አይንካ። የቀላውን አትሹት! ቀለበት የመሰለ መቀመጫም ይቅር፤ ዙሪያውን ያፍነዋል።

የማገላበጫ መዝገቡንም ጠይቂ። የሌሊቱ ሰዓት ሁሉ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ትንፋሽ የተሞላ ከመሰለሽ፣ ሊነጋ ሲል ተቀምጠው የጻፉት ነው።

አዲስ ገቢ፦ ጥሩ ቤት በምን ይታወቃል?

ይሄ ጥያቄ ነው? ማታ ወይም እሑድ ሂድ። የጥሪ ደወል ሲጮህ ስንት ደቂቃ ሰው እንደማይመጣ ቁጠር።

የድሮ ሰው፦ ወላጅን መጦሪያ መጣል ራሱ ነውር ነው።

የቤቱ ታላቅ፦ ወንድሜ፣ ለሁለት የሚነሳ አባት ብቻህን አንስተህ ታውቃለህ? ወገቤ ተቆርጦ ነው እዚህ የደረስኩት።

የድሮ ሰው፦ እኛ አያቶቻችንን በቤታችን ነው የቀበርናቸው።

ስንቶቹ ጀርባቸው ቆስሎ እንደሄዱ ግን ማንም አላየም። ክርክሩን ሌላ ቦታ ቀጥሉ።

ጭንቀታም፦ አጎቴ 79 ነው፣ ይራመዳል፣ ራሱ ይበላል። የመርሳት ሕመም አለበት። ማታ ስለሚነሳ የሚያፈዝ መድኃኒት ጀመሩለት።

የሳይኮሲስ (ከእውነታ የሚያርቅ የአእምሮ ሕመም) መድኃኒት ከሆነ ተጠንቀቅ። የመርሳት ሕመም ባለባቸው አረጋውያን ላይ የሞት አደጋን እንደሚጨምር የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2005 እ.ኤ.አ. አስጠንቅቋል። ማን፣ ለምን፣ እስከ መቼ እንዳዘዘው በጽሑፍ ይስጡህ። በራስህ ግን አታስቁም። ደግሞ ለምን እንደሚነሳ ጠይቁት እንጂ፤ ሽንቱ ይሆናል።

ተከታይ፦ ሲስተር፣ የቀላ ቦታ በቅባት ቢታሽስ?

አትሹት! ከላይ ጽፌዋለሁ።

የእሙ ልጅ፦ ሲስተር፣ ተጫንኩት። አልነጣም። ይሞቃል።

አሁኑኑ ነርሷን ጥሪ። ፎቶ አንሺ፣ ቀንና ሰዓት ጻፊበት። በዚያ ቦታ ላይ እንዳትተኛ። ተረከዟንስ አይተሻል?