ሲ ድራይቩ ቀላ፤ ምን ልሰርዝ?

ጥያቄ፦ ቤት ያለን አንድ ላፕቶፕ ነው። እኔ የትምህርት ዕቅድና ፈተና አዘጋጅበታለሁ፣ ባለቤቴ የቤተሰብ ፎቶ ታስቀምጥበታለች፣ ልጆቹ ፊልም ይጭኑበታል። ትልቁ ልጄ ደግሞ የጥር 23ን የፈረሰኞች በዓል በስልኩ እየቀረጸ እዚያው ላይ ይገለብጠዋል። ሰሞኑን ሲ ድራይቭ ቀይ ሆነ፣ የቀረኝ 3 ጊጋ ብቻ ነው። የድሮ ፈተናዎቼን በሙሉ ሰረዝኩ፣ ምንም ለውጥ የለም። ጥገና ቤት ወስጄው «ፎርማት ይደረግ» አሉኝ። ዊንዶውስ 10 ነው። ምን ይሻላል? (መምህር፣ ከእንጅባራ)

መልስ፦ መምህር፣ ፎርማቱን ለጊዜው ይተዉት። ፎርማት ሁሉንም ጠርጎ ያወጣል፣ እርግጥ ነው። ግን የሞላበት ምክንያት ካልታወቀ ተመልሶ መሙላቱ አይቀርም፣ የባለቤትዎ ፎቶም አብሮ ሊጠፋ ይችላል።

ፈተናዎቹን በመሰረዝዎ ለውጥ ያላዩት የዎርድ ፋይል ቦታ ስለማይበላ ነው። አንድ ፈተና 50 ኪሎባይት ቢሆን፣ አንድ ጊጋ ለማስለቀቅ 20 ሺህ ያህል ፈተና መሰረዝ አለብዎት። በዕድሜ ልክ ማስተማር እንኳ የሚሞላ አይመስለኝም! በስልክ የተቀረጸ ጥራት ያለው ቪዲዮ ግን በደቂቃ ከ100 ሜጋባይት በላይ ይወስዳል፣ ስለዚህ የ10 ደቂቃ ፈረስ ጉግስ ብቻውን አንድ ጊጋ ይሆናል ማለት ነው። እናም ከመሰረዝዎ በፊት ትልቁ የትኛው እንደሆነ ይወቁ።

ሴቲንግ ይክፈቱ፣ ሲስተም፣ ከዚያ ስቶሬጅ። ትንሽ ይጠብቁት፣ ፕሮግራሙ ይህን ያህል፣ ቪዲዮው ይህን ያህል እያለ ይዘረዝርልዎታል። ቀጥሎ ዳውንሎድስ የሚለውን ፎልደር ይክፈቱ። ከላይ ቪው ውስጥ ዲቴይልስን ይምረጡና ሳይዝ የሚለውን አምድ ይጫኑ፣ ትልልቆቹ ወደ ላይ ይመጣሉ። እዚያ ጋ ጉድ ያያሉ። አንድ ቪዲዮ ሁለቴና ሦስቴ ከወረደ ስሙ መጨረሻ ላይ በቅንፍ 1፣ 2 የሚል ቁጥር ይጨመርበታል። ከፍተው አንድ ዓይነት መሆናቸውን ካረጋገጡ በኋላ አንዱን አስቀርተው ሌላውን ያጥፉ። ቴሌግራም ዴስክቶፕ የሚል ፎልደርም እዚያው ውስጥ አለ፣ ከቴሌግራም ያወረዳችሁት የሚከማችበት ነው። የልጆቹ ፊልም አብዛኛው እዚያ ቢገኝ አይገርመኝም።

ቴሌግራም ሌላም የሚደብቀው አለው። ሴቲንግ፣ አድቫንስድ፣ ማኔጅ ሎካል ስቶሬጅ ውስጥ ገብተው ክሊር ኦል ቢሉት ያያችሁት ፎቶና ቪዲዮ የተቀመጠበትን ጊዜያዊ ማከማቻ ያጸዳል። መልእክቱ አይጠፋም፣ እንደገና ሲከፍቱት ግን ዳታ ይበላል። እግረ መንገድዎን በራሱ ጊዜ እንዳያወርድም ይዝጉት።

አሁን ወደ ስቶሬጅ ይመለሱና ቴምፖራሪ ፋይልስን ይክፈቱ። ዊንዶውስ በቅርቡ ትልቅ አፕዴት አድርጎ ከሆነ የቀድሞው ዊንዶውስ ቅሪት እዚህ ይታያል፣ ከ10 ጊጋ በላይ ሊሆንም ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ቀን በኋላ ራሱ ያጠፋዋል። ኮምፒውተሩ በደንብ እየሠራ ከሆነ ቀድመው ቢያጠፉት ችግር የለውም፣ ወደ ድሮው መመለስ ግን አይቻልም። እዚሁ ዝርዝር ውስጥ ዳውንሎድስም አለ። እሱ ላይ ምልክት እንዳያደርጉ አደራ፣ ሳይመርጡ ሁሉንም ነው የሚጠርገው።

ሪሳይክል ቢንን ባዶ አድርገዋል? ዲሊት ማለት ዕቃውን ከሳሎን አንስቶ ጓዳ መክተት ነው፣ ከቤት አልወጣም። ቀኙን ተጭነው ኤምፕቲ ካላሉት ቦታው አይለቀቅም።

ዊንዶውስና ፕሮግራም ፋይልስ የሚባሉት ፎልደሮች ውስጥ ገብተው በእጅ አይሰርዙ። የማይፈልጉት ፕሮግራም ካለ ሴቲንግ፣ አፕስ ውስጥ አንኢንስቶል ነው የሚደረገው።

ላፕቶፕዎ ዲ ድራይቭ ካለው ቪዲዮውንና ፎቶውን ወደዚያ ያዛውሩት። ብዙ ቤት ሲ ታፍኖ ዲ ባዶውን ተቀምጧል። ስታዛውሩ ከት አትበሉ፣ ኮፒ አድርጋችሁ፣ የተገለበጠውን ከፍታችሁ አይታችሁ፣ ከዚያ የመጀመሪያውን አጥፉ። መብራቱ መሀል ላይ ድርግም ሊል ይችላል፣ የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተ ደግሞ ያው ነው። ሲ እና ዲ ብዙ ጊዜ አንድ ዲስክ ስለሆኑ ሲበላሽ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። የሠርግና የልጆች ፎቶ ውጪያዊ ሀርድ ዲስክ ላይም ይኑርዎት። ፍላሽ ለማመላለሻ ነው፣ ለዓመታት ማስቀመጫ አላምነውም።

ጥያቄ፦ 128 ጊጋ ኤስኤስዲ (አዲሱ ዓይነት ፈጣን ዲስክ) አለው ተብዬ ላፕቶፕ ገዛሁ። ስከፍተው 119 ነው የሚለው። ተሸወድኩ እንዴ? (ከቡሬ)

መልስ፦ አልተሸወድክም ወንድሜ። ከባይት ወደ ኪሎ፣ ወደ ሜጋ፣ ወደ ጊጋ ሲወጣ አምራቹ በ1000 ነው የሚቆጥረው፣ ዊንዶውስ ደግሞ በ1024። በዚህ ስሌት 256ቱ 238፣ 500ው 465፣ አንድ ቴራው 931 ሆኖ ይታያል። ከ119 ላይ ደግሞ ዊንዶውስ ራሱ የሚይዘው አለ። 128 ተብሎ የተሸጠልህ ዲስክ በጠቅላላው 59 ብቻ የሚል ቢሆን ኖሮ ግን ያኔ ሻጩ ጋ ሂድ እልህ ነበር፣ 64 ነው ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ቦታ ላስለቅቅ ብዬ መመረቂያ ጽሑፌን ከነፎልደሩ በሺፍትና ዲሊት አጠፋሁት። ሪሳይክል ቢን ውስጥም የለም። እባካችሁ! (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ እህቴ፣ አሁኑኑ ኮምፒውተሩን መጠቀም አቁሚ። ምንም አትጫኚበት፣ ፋይል መመለሻ ፕሮግራምም ቢሆን እዚያው ዲስክ ላይ አታውርጂ። የድሮው ዓይነት ሀርድ ዲስክ ከሆነ የተሰረዘው ፋይል ሌላ ነገር እላዩ ላይ እስኪጻፍ ድረስ እዚያው ስላለ፣ ባለሙያ ዲስኩን አውጥቶ በሌላ ኮምፒውተር ሊያነበው ይችላል። ኤስኤስዲ ከሆነ ግን ተስፋው ቀጭን ነው፣ የተሰረዘውን ቦታ ራሱ ስለሚያጸዳው።

ባለሙያ ጋ ከመሄድሽ በፊት በስልክሽ የቴሌግራም ሴቭድ ሜሴጅስን እዪ፣ ያሳተምሽበትን ኮምፒውተር ቤት ጠይቂ፣ ለአማካሪሽ በኢሜይል ልከሽ ከነበረም ሴንት ውስጥ ገብተሽ የመጨረሻውን አውርጂ። ምናልባት የሚጎድልሽ የመጨረሻው ምዕራፍ እርማት ብቻ ይሆናል።