ፊቴን ያስነሣው ምን ይሆን? ስለ ሮዜሺያና ምግብ ጥያቄዎቻችሁ

ሮዜሺያ፣ ፊትን የሚያቀላና ሽፍታ የሚያወጣው የቆዳ ሕመም፣ ይዞኝ ዓመታት አልፈዋል። ሐኪም አይደለሁም፤ ግን የሚያስነሣብኝን ምግብ በደብተር እየጻፍኩ ለይቻለሁ። ሰሞኑን የጠየቃችሁኝን አንድ በአንድ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ጠይም ነኝ፤ ፊቴ ሲቀላ አይታይም። በምን ልወቅ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከቅላቱ ይልቅ ስሜቱን ተከታተዪ። ጉንጭና አፍንጫ ላይ ይሞቃል፣ ይለበልባል። ብጉር የሚመስል፣ ግን ጥቁር ጫፍ የሌለው ሽፍታ ይወጣል። በጠይም ቆዳ ላይ ቅላቱ ጠቆር ብሎ ስለሚታይ ብዙዎቻችን ለዓመታት የብጉር ቅባት ስንቀባ ኖረናል። የሚያረጋግጥልሽ የቆዳ ሐኪም ነው።

ጥያቄ፦ ቡና ልተው?

መልስ፦ እኔም ሁለት ወር ትቼ ነበር። ምንም ለውጥ አላየሁም። እ.ኤ.አ. በ1981 በታተመ ጥናት፣ 60 ዲግሪ የሞቀ ቡናና እንደዚያው የሞቀ ውኃ ሁለቱም የሕመምተኞቹን ፊት አቅልተዋል። የቀዘቀዘ ቡናና ካፌይን ብቻውን ግን አላቀሉም። ጥፋቱ የሙቀቱ ነበር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ፣ ከ82 ሺህ በላይ አሜሪካውያን ሴቶችን የተከታተለ ጥናት ደግሞ ቡና አዘውትረው በሚጠጡት ላይ ሮዜሺያ አነስ ብሎ አግኝቶታል። ስለዚህ ቡናውን አትተዪ፤ ስኒው ላይ ይብረድልሽ። የምታፈዪው አንቺ ከሆንሽ ደግሞ ከከሰሉ ራቅ በዪ።

ጥያቄ፦ በርበሬስ? ያለ በርበሬ እንዴት ይበላል?

መልስ፦ የሚያቃጥለን ካፕሳይሲን የሚባለው ነገር ነው። ሙቀት የሚለዩትን ነርቮች ይቀሰቅሳል። ሰውነት የእውነት የሞቀው ይመስለውና የፊት ደም ስሮችን ይከፍታል። መጠኑም ለውጥ ያመጣል። እኔ ሚጥሚጣ ከነካሁ ብዙም ሳይቆይ ጉንጬ ይነዳል፤ በርበሬው አነስ ያለ ሽሮ ግን ምንም አይለኝም። እናቴ ለበዓል የኔን ዶሮ በትንሽ ድስት አልጫ አድርጋ ለብቻ ትሠራልኛለች። ቀረፋም ተመሳሳይ ባሕርይ አለው። ትኩስ የቀረፋ ሻይ ሙቀቱንና ቅመሙን አንድ ላይ ይዞ ስለሚመጣ እኔን ክፉኛ ያስነሣብኛል።

ጥያቄ፦ ታዲያ የኔን እንዴት ልለይ? አንዱ ቲማቲም ይላል፣ ሌላው ቸኮሌት።

መልስ፦ የሰው ዝርዝር ይዘሽ ሁሉንም አትከልክዪ፤ የምትበዪው ታጪያለሽ። ደብተር ያዢ። የበላሽውን ብቻ ሳይሆን ምን ያህል ትኩስ እንደነበር፣ ምን ስትሠሪ እንደዋልሽ፣ ፀሐይ፣ ጭንቀት፣ ፊትሽ የተነሣበትን ሰዓት ጭምር ጻፊ። ለምን ብትዪ፣ የኔ ደብተር ላይ ለሦስት ቅዳሜ ተከታትሎ “ሽሮ፤ ተነሣ” የሚል ተጽፎ ነበር። ሽሮን ጠላሁት። ኋላ ሳየው ቅዳሜ እንጀራ የምጋግርበት ቀን ነው! አክምባሎውን ባነሣሁ ቁጥር እንፋሎቱ ፊቴን ይገርፈዋል። አሁን ጎንበስ ሳልል፣ ፊቴን ዞር አድርጌ ነው የማነሣው። ሽሮዬን ያለ ሐሳብ እበላለሁ።

የጠረጠርሽውን አንድ ነገር ብቻ ሁለት ሦስት ሳምንት ተዪው። ከዚያ በትንሹ መልሰሽ ቅመሺው። ሁለቴ ሦስቴ ካስነሣብሽ ያንቺ ነው ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ጠጅና ወይን?

መልስ፦ አልኮል ደም ስር ይከፍታል። ቀይ ወይን ብዙ ሰው የሚያማርርበት ነው። ጠጁንም በደብተርህ ፈትነው፣ ወንድሜ።

ጥያቄ፦ ምግቤን ሁሉ ቀየርኩ፣ ምንም የለም። ከገበያ የገዛሁትን ፊት የሚያነጣ ክሬም እቀባለሁ። ችግር አለው?

መልስ፦ አዎ፣ እባክሽ ይህን በቀላሉ አትዪው። ብዙዎቹ ክሬሞች ውስጥ እንደ ክሎቤታሶልና ቤታሜታሶን ያሉ ስቴሮይዶች፣ ማለትም በሐኪም ትእዛዝ የሚወሰዱ ጠንካራ መድኃኒቶች፣ አሉ። መጀመሪያ ፊትን ያሳምራሉ፤ ሲቆዩ ቆዳውን ያሳሱትና ራሳቸው ሮዜሺያ የመሰለ ሽፍታ ያመጣሉ። በድንገት ስታቆሚው ደግሞ ሊብስ ስለሚችል፣ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሂጂና እሱ እየተከታተለሽ አቁሚ። ቱቦውንም ይዘሽለት ሂጂ።

ጥያቄ፦ ዓይኔም አሸዋ የገባበት ይመስል ይቆረቁረኛል።

መልስ፦ ሮዜሺያ ዓይንም ይይዛል። ይህን ምግብ እየቀየርክ የምትጠብቀው አይደለም። በዚህ ሳምንት የዓይን ሐኪም ዘንድ ሂድ፤ ፊትህ ላይ ያለውንም ንገረው።