ግራፊክስ ካርድ አየር ባየር መሸጥ ኃጢአት ነው ወይ?

ጥያቄ፦

መምህር፣ እንዴት ሰነበቱ? ሜሪላንድ ነው የምኖረው፤ ስሜ ይቆየኝ። ቀን ቀን ሥራ አለኝ። በትርፍ ጊዜዬ ደግሞ የኮምፒውተር ግራፊክስ ካርድ እየገዛሁ እሸጣለሁ። የጀመርኩት በ2020 ነው። ያኔ የኤንቪዲያ 3080 በ699 ዶላር ወጥቶ በደቂቃዎች ውስጥ አለቀ። እኔ ሁለት አግኝቼ እጥፍ በሚጠጋ ዋጋ ሸጥኩ። ከዚያ ወዲህ አዲስ ካርድ ሲወጣ አያመልጠኝም። ኦንላይን የምገዛው በቦት ነው፤ ከሰው ፈጥኖ በራሱ የሚገዛ ፕሮግራም ማለት ነው። ሱቆቹ ለአንድ ሰው አንድ ብቻ ስለሚሉ በዘመድና በጓደኛ አድራሻ አሥራ አንድ አካውንት ከፍቻለሁ።

ጃንዋሪ 30 ቀን 2025 ላይ 5090 የሚባለው ሲወጣ ከዋዜማው ጀምሮ ሱቅ በር ላይ ድንኳን ተክዬ አደርኩ። አንድ ከሱቁ አገኘሁ፣ ሁለት ደግሞ በቦት። የፋብሪካው ዋጋ 1,999 ዶላር ነበር። በቦት ከገዛሁት አንዱን 4,200 ሸጥኩት። ከገዢው ጋር የተነጋገርነው በጽሑፍ ስለነበር ማን እንደሆነ አላወቅሁም። ነዳጅ ማደያ ጋ ተቃጠርን። መጣ፤ ሐበሻ ነው፣ ገና ልጅ። አኒሜሽን ነው የሚማረው። እናቱ አብረውት ነበሩ፣ ነጠላቸውን እንደለበሱ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ። ገንዘቡን ከፖስታ አውጥተው ቆጠሩልኝ፤ ብዙው ሃያ ሃያ ዶላር ነው። ሲሄዱ «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ፣ ስንት ቦታ ፈልገን አጥተን» ብለው መረቁኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ውስጤ እምቢ አለኝ።

ግን ደግሞ አልሰረቅኩም። ማንንም አላስገደድኩም። ሕግም አልጣስኩም። በ2022 ዋጋው ሲወድቅ እኔም ከስሬያለሁ። ነጋዴ ሁሉ በርካሽ ገዝቶ በውድ አይሸጥም ወይ? ከትርፉ አሥራት አወጣለሁ። ታዲያ ኃጢአት ነው? ሁለቱ ካርዶች አሁንም ከነካርቶናቸው ቁም ሳጥኔ ውስጥ ናቸው።

መልስ፦

ወንድሜ፣ እውነቱን ልንገርህ፤ ጥያቄህን ሳነብ ግራፊክስ ካርድ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ካርድ ሲባል የሞባይል ካርድ የሚያህል ነገር መስሎኝ «ለዚህ ነው እንዴ 4,200 ዶላር?» ብዬ ደነገጥኩ። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆችን ጠየቅሁ። አንዱ በሚቀጥለው ሳምንት ኮምፒውተሩን ተሸክሞ መጣና የጎኑን ክዳን ፈቶ አሳየኝ። ለካ ሦስት ማራገቢያ ያለው፣ ከጡብ የሚረዝም፣ ክብደቱም ቀላል ያልሆነ ዕቃ ነው። ለጨዋታ ብቻም አይደለም። ቪዲዮ የሚሠራው፣ የቤት ንድፍ የሚነድፈው፣ ያንተ ገዢ ዓይነቱ አኒሜሽን ተማሪ፣ ሁሉም ይፈልገዋል። በ2020 እና በ2021 ደግሞ ኢተርየም የሚባለውን ዲጂታል ገንዘብ በኮምፒውተር ለማምረት በሽሚያ ይገዙት እንደነበር ነገሩኝ። በሴፕቴምበር 2022 ኢተርየም አሠራሩን ሲቀይር ያ ሥራ በአንድ ቀን ቆመ፤ ያገለገሉ ካርዶች ገበያውን ሞሉት። ከሰርኩ ያልከው ያን ጊዜ መሆን አለበት።

ወደ ጥያቄህ ስመጣ፣ መነገድ ኃጢአት አይደለም። ማትረፍም አይደለም። ከመርካቶ ዕቃ ጭኖ ጎንደር የሚያወርድ ሰው የጎንደርን ሰው መንገድ አስቀርቶለታል። መኪና ተከራይቷል፣ አዳር አድሯል፣ ዕቃው ቢሰበር ኪሳራው የሱ ነው። ቸርቻሪዋ ኩንታሉን ዘርዝራ በኪሎ ስለምትሸጥልን ነው ኩንታል መግዛት የማንችለው የምንበላው። ትርፋቸው የድካማቸው ዋጋ ነው። ቀራጮች ወደ መጥምቁ ዮሐንስ መጥተው «ምን እናድርግ?» ሲሉትም ሥራችሁን ተዉ አላላቸውም። ከታዘዘላችሁ አብልጣችሁ አትውሰዱ ነው ያላቸው።

አሁን ያንተን ሥራ እዚህ ላይ አምጥተህ አስተያየው። ልጁ ካርዱን ከሱቁ ድረ ገጽ በ1,999 ሊገዛው ይችል ነበር። ሱቁ እቤቱ ድረስ ይልክለት ነበር። አንተ መሀል ገባህና ያው ካርቶን ሳይከፈት፣ ምንም ሳይጨመርበት፣ ነዳጅ ማደያ ድረስ አስመጥተህ እጥፍ አስከፈልከው። አገራችን ለዚህ ስም አላት፤ አየር ባየር ትለዋለች። ስሙን ያወጡት ሊቃውንት አይደሉም፣ የገበያ ሰዎች ናቸው። እነሱም ልዩነቱን ያውቁታል ማለት ነው።

አዲስ አበባ ሳለሁ ስኳርና ዘይት በሸማቾች ሱቅ በወረፋ ይሸጥ ነበር። ሌሊት መጥቶ መቆም ያልቻለ ሰው ድንጋይ አስቀምጦ ይሄዳል። ድንጋዩ ወረፋ ይይዝለታል፤ ሰፈርተኛውም ያከብርለታል። ደግ ልማድ ነው፤ ነፍሰ ጡሯም አሮጊቷም ይገለገሉበታል። አንድ ሌሊት ግን አንድ ጎረምሳ ብቻውን ወደ ሃያ ድንጋይ ደርድሮ ጠበቀን። ጠዋት ወረፋውን ለመጣው ሁሉ ሸጠው። ሦስት ሰዓት ላይ ዘይቱ አለቀ። ከኋላዬ የነበሩት አንዲት እናት ባዶ ጀሪካናቸውን አንጠልጥለው ሲመለሱ ምንም አልተናገሩም። ጎረምሳው ዘይቱን አልሰረቀም። ማንንም አላስገደደም። «ድንጋይ ማስቀመጥ የሚከለክል ሕግ አለ?» ብሎም ተከራክሯል።

አሥራ አንዱ አካውንትህ አሥራ አንድ ድንጋይ ነው። ቦቱ ደግሞ ድንጋዩን ካንተ ፈጥኖ የሚደረድርልህ ልጅ ነው።

ስለዚህ ኃጢአቱን ፈልግ ካልከኝ መጀመሪያ ዋጋው ላይ አልፈልገውም። ቅጹ ላይ ነው የምፈልገው። ሱቁ «ለአንድ ሰው አንድ» ሲል ቃል አስገብቶሃል። አንተ በአጎትህ ስም ስትሞላ «እኔ ሌላ ሰው ነኝ» ብለሃል። ይህ ውሸት ነው። በወረቀት ቢሆን፣ በስልክ ቢሆን፣ በማሽን ቢሆን ውሸት ነው። ማሽኑ ስለዋሸልህ አንተ አልዋሸህም ማለት አይደለም። ሲራክ በመግዛትና በመሸጥ መካከል ኃጢአት እንዴት እንደሚገባ ሲናገር፣ ችካል በተጋጠሙ ድንጋዮች መካከል እንደሚሰካ ነው ይላል። እኔ ይህን ቃል ስንት ዓመት ሳስተምረው እንዲህ ቁልጭ ብሎ የታየኝ ያንተን ደብዳቤ ሳነብ ነው።

ሕግ አልጣስኩም ላልከው፣ ልክ ነህ መሰለኝ። አሜሪካ በ2016 የወሰነችው የኮንሰርትና የስፖርት ትኬትን በቦት መሻማት እንዲቀር ነው። በ2021 ለሌላውም ዕቃ ይሁን የሚል ረቂቅ ቀርቦ ነበር፤ ሕግ ሳይሆን ቀረ። ግን አስተውል፤ ትኬቱን በቦት መሻማት የተከለከለው፣ በደል መሆኑን ሰው ስላየ ነው። በደሉ ከትኬት ወደ ካርድ ሲዛወር ስሙ አይቀየርም።

ድንኳን ተክለህ አድረህ የገዛሃትን አንዷን ለብቻ አያታለሁ። እዚያ አልዋሸህም። ብርዱን ችለሃል፣ ወረፋህን ጠብቀሃል። ብትሸጣትና ብታተርፍባት ሌባ ብዬ አልጠራህም። እኔ ብሆን አላደርገውም፤ ከኋላዬ ተራ አጥቶ የተመለሰውን ሰው ፊት ስለማስታውስ። (በነገራችን ላይ ያቺ የድንኳን ሌሊት በእኛ ጥር 21፣ የአስተርእዮ ማርያም ዕለት ማታ ነበረች። ለወቀሳ አላነሳሁትም። እሺ፣ ትንሽ ለወቀሳ ነው።)

አንዳንዱ ሲከራከረኝ ዮሴፍን ይጠቅሳል። «በጥጋብ ዘመን ገዝቶ በረሃብ ዘመን ሸጧል አይደል?» ይላል። ዮሴፍ ያከማቸው እህሉ ሞልቶ በተረፈ ጊዜ ነው፤ ከማንም አፍ አልነጠቀም። ባያከማች ኖሮ በሰባቱ ክፉ ዓመታት የሚበላ አይኖርም ነበር። አንተ የሰበሰብከው ዕቃው ባነሰ ቀን ነው። ላንተ የሚቀርበው በቀጰዶቅያ ረሃብ በሆነ ጊዜ ቅዱስ ባስልዮስ የገሠጻቸው፣ ጎተራቸውን ዘግተው ዋጋ እስኪንር የጠበቁት ናቸው። መጽሐፈ ምሳሌም እህልን የሚያስቀር ሰው በሕዝብ ዘንድ የተረገመ ነው ይላል።

ነገር ግን ሚዛኔን ላጥብቅ። ግራፊክስ ካርድ እንጀራ አይደለም። ያላገኘ ሰው አይሞትም፤ አብዛኛው ሰው ጨዋታውን ከስድስት ወር በኋላ ቢጫወት ምንም አይቀርበትም። ስለዚህ እህል የደበቀን ሰው ኩነኔ ባንተ ላይ አልጭንም። አንዳንድ ወንድሞች በስሜት ሁሉንም አንድ ላይ ሲያወግዙ እሰማለሁ፤ ትክክል አይመስለኝም። እጥረቱንም አንተ አልፈጠርከውም። ፋብሪካው ጥቂት አምርቶ፣ ማንም በማያገኘው ዋጋ ለፍፎ ነው ያወጣው። የሱን ድርሻ እሱ ይጠየቅበት። አንተ ያደረግከው ጥቂቱን ይበልጥ ጥቂት ማድረግ ነው። ላንዱ ጨዋታ የሆነው ዕቃ ደግሞ ለዚያ ልጅ መሥሪያው ነው፤ ለአናጢ መጋዝ እንደማለት። አንተ ስትሸጥ ማን እንደሚገዛህ አትመርጥም። ያን ቀን የመጡት እናትዬዋ ናቸው።

ኪሳራህን በተመለከተ ብዙ አልልም። ቁማርተኛም ይከስራል።

አሥራቱ ላይ ግን ቆም እንበል። አሥራት ማውጣትህ መልካም ነው፣ አታቋርጥ። ነገር ግን አሥራት ገንዘብ አያጥብም። ዘኬዎስ ጌታ ቤቱ በገባ ጊዜ «ከቀረጡ አሥር እጅ ለቤተ መቅደስ አገባለሁ» አላለም። እኩሌታውን ለድሆች፣ የበደልኩት ሰው ካለ ደግሞ አራት እጥፍ ለራሱ ለተበደለው እመልሳለሁ ነው ያለው። መመለስ የሚጀምረው ከተበደለው ሰው ነው። እኛ ብዙ ጊዜ ይህችን እንዘላታለን። ለማናውቀው ሰው መመጽወት ይቀለናል፤ የምናውቀውን ሰው ዓይን ማየት ነው የሚከብደን። ቤተ ክርስቲያንም ገንዘቡ ከየት መጣ ብላ ሳትጠይቅ ስትቀበል አይቻለሁ፤ ይህ የእኛ የአገልጋዮቹ ድካም ነው፣ ላንተ ማስረጃ አይሆንህም።

እና ምን ላድርግ ላልከኝ። አካውንቶቹን ዝጋ። ቦቱን አጥፋ። ይህን ያህል ሳይውል ሳያድር የሚሆን ነው፤ ቀኖናውን ግን እኔ በደብዳቤ አልሰጥህም። የንስሐ አባትህ ዘንድ ሂድና ለኔ እንደጻፍከው ሳትቀንስ ንገራቸው። ግራፊክስ ካርድ ምን እንደሆነ ላይገባቸው ይችላል። ድንጋዩን ንገራቸው፣ ይገባቸዋል።

ቁም ሳጥን ውስጥ ያሉትን ሁለቱን አውጥተህ ሽጥ፤ መቅበር አያስፈልግም። 1,999 ላይ የሜሪላንድ 6 በመቶ ታክስ ሲጨመር እያንዳንዱ 2,119 ዶላር ገደማ ወጥቶበታል። በድንኳን ያደርክባት ላይ የድካምህን ጨምር። 2,300 ብትል አልቆጣህም። በቦቱ የመጣችው ላይ ግን ድካም የለህም፤ በገዛህበት ስጣት። ገዢውንም ጠይቀው፤ መልሶ አየር ባየር ሊሸጣት ከሆነ እሱ ወረፋ ይዞ ይግዛ። ይህን ንግድ በቀና መንገድ ልቀጥል ካልክ መንገድ አለ። የተበላሹ ኮምፒውተሮችን ገዝተህ ጠግነህ ሽጥ። ለማይችለው ሰው ኮምፒውተር ገጥመህ ስጥና የእጅህን ተቀበል። እጅህ ሥራ እንደሚያውቅ ከጽሑፍህ ያስታውቃል።

የቀረችው የእናትዬዋ ነገር ናት። በሳቸው ላይ ያተረፍከው 2,080 ዶላር አካባቢ ነው። ልጁ የጻፈልህ መልእክት እስካሁን ስልክህ ውስጥ ይኖራል፤ ደውልለት። አዋቂ ልሁን ብለህ «ስጦታ ነው» አትበል፣ ስጦታ አይደለም። «ዋጋ አብዝቼባችሁ ነበር፣ ልመልስ ነው» በለው። ሊገርመው ይችላል፤ ላያምንህም ይችላል፣ በዚህ ዘመን እንዲህ ብሎ የሚደውል አጭበርባሪ ብቻ ነው። እንደዚያ ከሆነ አትጨቃጨቅ። የትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደሚያስቀድሱ ብቻ ጠይቀውና እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በፖስታ ይዘህ ሂድ።