ትልቅ ቁጥር በግእዝ፦ እብነ በረዱ ከመቀረጹ በፊት

ጥያቄ፦ ጅማ፣ ሄርማታ አካባቢ ያሉ አንድ የዕድር ጸሐፊ ናቸው የጻፉልን። ለአዲሱ አዳራሽ ምርቃት የእብነ በረድ ጽሑፍ ሊያሠሩ ነው። የተሠራበትን 2017 ዓ.ም. እና የፈጀውን 3,406,500 ብር በግእዝ ቁጥር ይፈልጉታል። ማተሚያ ቤቱ ዓመቱን ፪፲፯ ብሎ ሰጣቸው፤ ብሩ ላይ ሲደርስ ዜሮ አጥቶ ቆመ። ከላይና ከታች ያለው መስመርስ እንደ ሮማ ቁጥር ያበዛል ወይ?

መልስ፦ እንኳንም ሳይቀረጽ ጠየቁ። ለእብነ በረድ ላጲስ የለውም።

የማተሚያ ቤቱ ስህተት የተለመደ ነው። አኃዞቹን አንድ በአንድ ቀየረና ዜሮውን ዘለለው። ግእዝ ዜሮ የለውም፤ ለሺህም የራሱ ምልክት የለውም። ያለው የመቶው ፻ እና የእልፉ ማለትም የአስር ሺሁ ፼ ነው። ስለዚህ 2017ን «ሃያ መቶ አስራ ሰባት» ብለው ይጽፉታል፦ ፳፻፲፯። ፪ሺ፲፯ ብለው የሚጽፉም አሉ። ይነበባል፤ እኔ ግን ለድንጋይ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ።

ወደ ብሩ እንምጣ። መጀመሪያ ኮማውን ይርሱት። እሱ በሦስት በሦስት ይከፍላል፣ ግእዝ ደግሞ በሁለት በሁለት። ከቀኝ ጀምረው ጥንድ ጥንድ ያድርጉት፦ 3 – 40 – 65 – 00። የመጨረሻውን ጥንድ ምንም አይከተለውም። ከእሱ በስተግራ ያለውን ፻ ይከተለዋል፤ ቀጥሎ ያለውን ፼፤ ከዚያ እንደገና ፻። አሁን ከግራ ያንብቡ፦ ሦስት መቶ አርባ እልፍ፣ ስልሳ አምስት መቶ። ፫፻፵፼፷፭፻። 340 እልፍ 3,400,000 ነው፣ 65 መቶ ደግሞ 6,500። ሒሳቡ ልክ መጣ።

ሰው የሚሰናከለው ሁለት ቦታ ነው። ጥንዱ 00 ሲሆን ፻ን ይተዉታል፤ ፼ን ግን አይተዉትም። ብሩ 3,000,500 ቢሆን ኖሮ ፫፻፼፭፻ ይሆን ነበር። ያቺ ፼ ከወደቀች ሦስት ሚሊዮኑ ውኃ በላው። ሌላው ፩ ነው። ከ፻ በፊት ብቻዋን ስትመጣ አትጻፍም፤ 1,200,000 ሲጻፍ ፻፳፼ ነው።

መስመሩ አያበዛም። ሮማውያን በአምስታቸው ላይ መስመር ሲያሰምሩ አምስት ሺህ ይሆናል። የእኛው ምንም አይጨምርም፣ አይቀንስም፤ ቁጥሩን ከፊደሉ ይለይልናል እንጂ። ቢሆንም አይተዉት። ኮምፒውተር ላይ በየአኃዙ መሃል ሊቆራረጥ ይችላል። እኔ አኃዞቹን እቀርጽና መስመሩን መጨረሻ ላይ በማስመሪያ አንድ ወጥ አድርጌ አወጣዋለሁ።

ቀራጩን ፼ ላይ አደራ ይበሉት። ሁለት ፻ ተጣብቀው የሠሩት ምልክት ነው። አኃዙ ካነሰ መሃሉ በቀለም ይደፈንና ከሩቅ ፻ ይመስላል። አርባ እልፍዎ አራት ሺህ ሆነ ማለት ነው! ቁመቱን ከሦስት ሳንቲ ሜትር አያሳንሱት። ውጭ የሚሰቀል ከሆነ ደግሞ ጠለቅ ተደርጎ ይቀረጽ፤ የጅማን ዝናብ ያውቁታል።

እውነቱን ልንገርዎት፣ በግእዝ የሚያምረው ዓመቱ ነው። ብሩን ከሥሩ 3,406,500 ብለው ጭምር ያስጽፉት። የዕድር ገንዘብ ስለሆነ አባሉ ሁሉ ቆሞ ማንበብ መቻል አለበት። ለቀራጩ ከመስጠትዎ በፊት ደግሞ ወረቀቱን ግእዝ ቁጥር ለሚያውቅ፣ ወጪውን ግን ላልሰማ ሰው ያሳዩትና ጮክ ብሎ ያንብብልዎት። ሦስት ሚሊዮን አራት መቶ ስድስት ሺህ አምስት መቶ ካላለ መሮው አይነሳ።